የፈረንጅ ዶሮ፣ የማይበላሸው ቲማቲም እና ጂኤምኦ፤ የቱን ነው የምንፈራው?

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ገላን፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ፣ የፈለጋችሁት ጉልት ጋ ቆም ብላችሁ ጆሮ ብትሰጡ የጂኤምኦ (ጂኑ ላብራቶሪ ውስጥ የተቀየረ እህል ወይም ምግብ) ወሬ ሳይነሳ አይቀርም። ዶሮው ጂኤምኦ ነው፣ ሳምንት ሙሉ ከፍሪጅ ውጪ የሚቆየው ቲማቲም ጂኤምኦ ነው፣ ፍሬ የሌለው ብርቱካን፣ የቻይናው ነጭ ሽንኩርት፣ ሙዙ፣ ዘይቱ፣ ሁሉም ጂኤምኦ ነው። ሻጮቹም ነቅተዋል፣ "እትዬ ይሄኛው የአበሻ ነው፣ ጂኤምኦ የለበትም" ይሉና ዋጋውን ከፍ ያረጉታል። ካንሰሩም ስኳሩም መካንነቱም የመጣው በሱ ነው የሚል ቪዲዮ ደሞ ቲክቶክ ላይ ሞልቷል፣ ሰው አይቶ ቢፈራ አይገርምም።

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ከሁሉ በፊት ግን ጉልቱ ላይ ያለውን እንለይ፣ ምክንያቱም ከላይ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ ዘይቱ አንዳንዴ ካልሆነ በቀር አንዱም ጂኤምኦ አይደለም።

የፈረንጅ ዶሮ በወር ተኩል ለእርድ የሚደርሰው ቶሎ የሚያድገውን ቶሎ ከሚያድገው ጋር እያዳቀሉ ለብዙ አስርት ዓመታት ስለመረጡት ነው፣ መኖውም የተመጣጠነ ነው፣ በቃ። ሆርሞን ይወጋል የሚባለውም ወሬ ነው፣ ሺ ዶሮ ያለው ሰው እያንዳንዷን እየያዘ መርፌ ሲወጋ አስቡት እስቲ። ጠንካራው ቲማቲም ሃይብሪድ (ሁለት ዝርያ ተዳቅሎ የተገኘ) ነው፣ ገበሬው ከሩቅ ጭኖ ሲያመጣው እንዳይፈርጥበት የመረጠው ዝርያ፣ ጣዕሙ እንደ ድሮው አይደለም ብትሉ አልከራከርም። ጂኤምኦ ቲማቲም አሜሪካ ውስጥ በ1994 ገበያ ወጥቶ ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ግን ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ። ፍሬ የሌለው ብርቱካን ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ብራዚል ውስጥ ዛፍ ላይ በራሱ የተፈጠረ ለውጥ ነው፣ ቅርንጫፉ ሌላ ግንድ ላይ እየተጣበቀ ተባዝቶ ዓለምን አዳረሰ። የአርባ ምንጭ ሙዝም ፍሬ የሌለው በተፈጥሮው ነው። ቁንጮ ጤፍን ሳይቀር ጂኤምኦ ነው ያለኝ ሰው አለ! ቁንጮ ደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ሁለት የአገራችንን የጤፍ ዝርያ አዳቅሎ በ2006 ያወጣው ነው፣ ከዚ በላይ አበሻ ሊሆን አይችልም።

ጂኤምኦ የሚባለው ላብራቶሪ ውስጥ ከሌላ ፍጡር ወይም ከሌላ ዝርያ አንድ ወይም ጥቂት ጂን ተወስዶ እህሉ ውስጥ ሲገባ ነው። በዓለም ላይ በስፋት የሚመረቱት ደሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ በዋናነት በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ጥጥ እና ካኖላ፣ ከነሱ ሌላ ስኳር የሚወጣበት ቀይ ስር መሳይ ተክል፣ የሃዋይ ፓፓያ፣ የባንግላዴሽ ደበርጃን፣ የናይጄሪያ የላም አተር ምናምን። ስንዴን ብትሉ ከውጭ ስናስገባው የኖርነው በብዛት ከጥቁር ባህር አካባቢ ነው፣ እዛ ጂኤምኦ ስንዴ አይዘራም። ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ፓልም ዘይትም ጂኤምኦ አይደለም፣ ገበያ ላይ ያለ ጂኤምኦ ፓልም የለም፣ የፓልም ጣጣ የሚረጋ ስብ መብዛቱ ነው፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው። የሱፍ ዘይትም ንጹህ ነው።

ታዲያ በልተን አናውቅም ማለት ነው? በልተናል እንጂ። የአሜሪካ አኩሪ አተር ከ90 በመቶ በላይ ጂኤምኦ ነው፣ ያ በቆርቆሮ የሚመጣው የእርዳታ ዘይት፣ ገበያ ላይ ወጥቶ በየሱቁ ሲሸጥ የኖረው፣ ከአሜሪካ አኩሪ አተር የተጨመቀ ከሆነ ከጂኤምኦ የመጣ ነው ማለት ነው። ዘይት ሲጣራ ግን ፕሮቲኑም ጂኑም አብሮ ስለሚወጣ ሰሃናችሁ ላይ የሚደርሰው ስብ ብቻ ነው፣ ከሌላው የአኩሪ አተር ዘይት ለይቶ ማወቅ እንኳን ከባድ ነው። አገር ውስጥም መንግስት በ2018 ጂኤምኦ ጥጥ እንዲመረት ፈቅዷል፣ ቢቲ ጥጥ የሚባለውን። ጥጥ አይበላም ተብሎ ብዙ ሰው ዝም አለ፣ ግን የጥጥ ፍሬ ዘይት ይጨመቃል፣ ፋጉሎውም ለከብት ይሰጣል፣ ይሄን ያነሳ ሰው ብዙ አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ብንበላው ምን ያረገናል?

እዚ ላይ "ጂኤምኦ ደህና ነው" ወይም "ጂኤምኦ መርዝ ነው" የሚል ሰው ሁለቱም ትንሽ ቸኩሏል፣ ምክንያቱም የገባው ጂን ምን እንደሚሰራ ሳይታወቅ መልስ የለም። ለኛ ቅርብ የሆነውን እንውሰድ፣ ቢቲ በቆሎን። ቢቲ የሚባለው አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፣ ትልን የሚገድል ፕሮቲን ይሰራል፣ ኬሚካል አንጠቀምም የሚሉ የኦርጋኒክ ገበሬዎች ሳይቀሩ ባክቴሪያውን ራሱን በውሃ በጥብጠው ሲረጩት ብዙ አስርት ዓመታት አልፏል። ጂኤምኦው ላይ የተደረገው ያንን ፕሮቲን የሚሰራውን ጂን በቆሎው ውስጥ ማስገባት ነው፣ አገዳ ቆርቁር ወይም ተምች ቅጠሉን ሲበላ ይሞታል። ትሉን የገደለ እኛን እንዴት አይገድልም ትሉ ይሆናል፣ ጥያቄው ትክክል ነው። የትሉ ሆድ እንደ ሳሙና ውሃ ነው፣ አልካላይን፣ ፕሮቲኑ እዛ ነው ስራ የሚጀምረው፣ ከዛም የሚጣበቅበት መያዣ የትሉ አንጀት ላይ አለ፣ ሰው ጋ ያ መያዣ የለም፣ የኛ ጨጓራ ደሞ አሲድ ስለሆነ ፕሮቲኑን እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጨዋል። ጂኑ ወደኔ ሰውነት ይገባል ለሚለው ፍራቻም መልሱ ተመሳሳይ ነው፣ ጎመን ስንበላ የጎመን ጂን፣ ክትፎ ስንበላ የበሬ ጂን እየበላን ነው፣ እስካሁን ቀንድ ያበቀለ የለም።

ይሄ ቲዎሪው ነው። በተግባርስ? ከ1996 ጀምሮ በሰፊው እየተመረተ ነው። የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 ትልቅ ሪፖርት አውጥተው ነበር፣ ወደ 900 የሚሆኑ ጥናቶችን አይተው፣ በዛ ላይ ጂኤምኦ በብዛት የሚበሉትን የአሜሪካና የካናዳ ሰዎች ጤና እምብዛም ከማይበሉት ከእንግሊዝና ከምዕራብ አውሮፓ ሰዎች ጋር አስተያይተው፣ በካንሰር፣ በስኳር፣ በውፍረት፣ በኩላሊት፣ በአለርጂ ጂኤምኦው ያመጣው የሚመስል ልዩነት አላገኙም። ጂኤምኦን የማይወደው የአውሮፓ ህብረት ራሱ 25 ዓመት ገንዘብ ያወጣባቸውን ከ130 በላይ ፕሮጀክቶች በ2010 ጠቅልሎ ሲያቀርብ ድምዳሜው ያው ነበር፣ ከተለመደው ማዳቀል የበለጠ አደጋ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅትም እያንዳንዱ ለብቻው ይታይ ይላል፣ ገበያ ላይ ያሉት ግን ምርመራ ያለፉ ናቸው፣ አደጋ ያመጣሉ ተብሎ አይጠበቅም ይላል። ለእኔ ግን ከሪፖርቱ በላይ የሚናገረው ደቡብ አፍሪካ ነው። እነሱ ነጭ በቆሎን እንደኛ እንጀራ በየቀኑ ነው የሚበሉት፣ ፓፕ የሚሉት ገንፎ፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጂኤምኦ ነጭ በቆሎ እየበሉ ነው፣ ዛሬ የአገሪቱ በቆሎ ከ80 በመቶ በላይ ጂኤምኦ ነው። በዘይትና በብስኩት ውስጥ ተደብቆ የሚበላ ሳይሆን ሰሃን ሙሉ፣ ጠዋት ማታ።

ያ እጢ ያበቀሉት አይጦች ፎቶስ? እሱ ፎቶ አሁንም በየግሩፑ ይዞራል። ፈረንሳዊው ሴራሊኒ በ2012 ያወጣው ጥናት ነው፣ መጽሄቱ በ2013 ከህትመት አነሳው፣ በኋላ ሌላ መጽሄት ላይ ወጥቷል። ችግሩ የተጠቀመው የአይጥ ዝርያ 2 ዓመት ሲኖር ምንም ብታበሉት እጢ የሚበዛበት ነው፣ በየቡድኑ የነበሩት አይጦች ደሞ 10 ብቻ ናቸው፣ ከዛ ምንም መደምደም አይቻልም። ፎቶው ግን ከጥናቱ በላይ ዕድሜ አገኘ።

ይሄን ስል ስጋት የሚባል የለም እያልኩ አይደለም፣ ያጋጠሙ ነገሮች አሉ። 1990ዎቹ ውስጥ አንድ የዘር ኩባንያ የአኩሪ አተርን ፕሮቲን ለማሻሻል ብሎ ብራዚል ነት ከሚባለው ለውዝ ጂን አመጣ፣ ሲመረመር ለብራዚል ነት አለርጂክ የሆኑ ሰዎች ለአኩሪ አተሩም አለርጂክ ሊሆኑ እንደሚችሉ ታወቀ፣ ፕሮጀክቱ ገበያ ሳይወጣ ቆመ፣ የምርመራው ውጤትም በ1996 ታተመ። በ2000 ደሞ ስታርሊንክ የሚባል ለከብት መኖ ብቻ የተፈቀደ በቆሎ አሜሪካ ውስጥ በሰው ምግብ ውስጥ ተገኘ፣ ከየሱፐርማርኬቱ ተለቅሞ ወጣ። አመመን ያሉ ሰዎች ደም ተመርምሮ በዛ ፕሮቲን አለርጂ የሆነ ሰው ምልክት አልተገኘም፣ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፣ ያ ሁሉ ላብራቶሪና ተቆጣጣሪ ያለው አገር የመኖውን ከሰው ምግብ መለየት አቃተው። እኛስ?

ሌላም ትክክለኛ ወቀሳ አለ። የደህንነት መረጃውን በብዛት የሚያቀርበው ዘሩን የሚሸጠው ኩባንያ ራሱ ነው፣ አይጥ ላይ የሚደረገው ሙከራም ባብዛኛው 90 ቀን ነው። ሂደቱ ላይ ገለልተኛ ሰው ይጨመር የሚል ሰው ትክክል ነው። አረም ማጥፊያን የሚቋቋሙት እህሎች ደሞ ለብቻ መታየት አለባቸው፣ ምክንያቱም እነሱ ጋ ጥያቄው ጂኑ ላይ ሳይሆን የሚረጨው ግላይፎሴት ላይ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 ግላይፎሴትን "ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ የሚገመት" ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ግን በሚበላ መጠን አያሰጋም ብለው ከኤጀንሲው ተለያይተዋል። ይሄ ኬሚካል ጂኤምኦ ላልሆነ እርሻም በኛ አገር ይሸጣል፣ ራውንድአፕ ብላችሁ ብትጠይቁ የማያውቅ የእርሻ መድሃኒት ሻጭ የለም።

አሁን ደሞ ሰሃናችን ላይ ስላለው እውነተኛ ነገር እናውራ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። በ2014 እና 2015 አዲስ አበባና ዙሪያዋ፣ ማለትም ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ሰንዳፋ፣ ደብረ ዘይት አካባቢ 110 የወተት ናሙና ተወስዶ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይኑርበት አይኑርበት ተመርምሮ ነበር። ሁሉም ላይ ተገኘ። የአውሮፓን ገደብ፣ በሊትር 0.05 ማይክሮግራም፣ ያላለፉት 9 ብቻ ናቸው። የአሜሪካ ገደብ ከአውሮፓው 10 እጥፍ የላላ ነው፣ እሱንም ያለፉ 29 ነበሩ። አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚሰራው መርዝ ነው፣ ጉበት ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያከራክር ነገር የለውም፣ በዛው የካንሰር ኤጀንሲ አንደኛ ምድብ ውስጥ ነው ያለው። ከየት መጣ ቢባል በዋናነት ከኑግ ፋጉሎ፣ እርጥበት ቦታ ተከምሮ የሻገተውን ላሟ ትበላለች፣ በወተቷ ይወጣል። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፣ አፍላቶክሲኑን ግን አያጠፋውም። ወተት አትጠጡ እያልኩ አይደለም፣ ለልጅ ወተት ያስፈልገዋል፣ ግን ፋጉሎ የሚሸጠው ሰውዬ መጋዘን ጣራው ያፈሳል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ስለ ጂኤምኦ ግን ሁሉም ይጠይቃል።

አቃቂ ወንዝም አለ። በወንዙ ውሃ የሚለማው ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ጥናት ሲሰራ ቆይቷል፣ ክሮሚየም፣ ካድሚየም፣ ሊድ የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ተገኝተዋል፣ ቅጠላ ቅጠሉ ላይ በርከት ብሎ። ከቆዳ ፋብሪካውም ከጋራዡም ከየቤታችን ፍሳሽም የሚገባ ነው። ማጠብ ላዩ ላይ ላለው ነው የሚረዳው፣ ተክሉ በስሩ የሳበው አይታጠብም። ጉልት ላይ ያች ሰላጣ ለምለም ነች፣ "የሰፈር ናት፣ ጠዋት የተቀጠፈች" ተብላ በአድናቆት ትሸጣለች፣ አጠገቧ ያለው ምስኪን ቲማቲም ግን ጂኤምኦ እየተባለ ይሰደባል።

እዚ ጋ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ትል ያልነካው በቆሎ ሻጋታ ብዙም አይይዘውም፣ ሻጋታው በብዛት የሚገባው ትሉ በበሳው ቀዳዳ ነው። በ2018 የታተመ የ21 ዓመት ጥናቶችን የጠቀለለ ትንታኔ ጂኤምኦ በቆሎ ላይ ፉሞኒሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። አፍላቶክሲን ላይ ውጤቱ ወጥ አይደለም፣ ስለዚ የወተቱን ችግር ይፈታል ማለት አልችልም፣ ግን በቆሎን ብቻ ካያችሁ ቢቲው ከተለመደው የባሰ ሳይሆን የተሻለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከ2017 ጀምሮ የአሜሪካ ተምች ከገባ ወዲህ ደሞ ገበሬው ያለ ጓንት ያለ ማስክ ምን ምን እንደሚረጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ መጀመሪያ የሚመረዘው እሱ ነው።

እና ጂኤምኦን እንቀበል ማለትህ ነው? መብላቱን በተመለከተ፣ አዎ፣ ቢቲ በቆሎ ቂጣ ቢሰጡኝ እበላለሁ፣ ለልጅም እሰጣለሁ። መዝራቱ ግን ሌላ ክርክር ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ መጨፍለቃችን ነው የጎዳን። ነፍሳቸውን ይማርና የአካባቢ ጥበቃ ባለስልጣን ኃላፊ የነበሩት ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የአፍሪካን ወገን እየመሩ የካርታኼና ፕሮቶኮል፣ ማለትም አገሮች ስለ ጂኤምኦ የተስማሙበት ውል፣ በ2000 እንዲጸድቅ ሲታገሉ ከቂጣው የሰፋ ነገር ይዘው ነበር፣ ዘሩ የማን ይሆናል፣ የገበሬው ዝርያስ፣ እምቢ የማለት መብታችንስ የሚል። በሳቸው ዘመን በ2009 የወጣው የጂኤምኦ አዋጅ ቁጥር 655 በጣም ጥብቅ ነበር፣ በ2015 በአዋጅ 896 ተሻሽሎ ላላ፣ ጥጡም የመጣው ቴላ የሚባለው ቢቲ በቆሎ ሙከራ የተፈቀደውም ከዛ በኋላ ነው። የቴላ ሰዎች የባለቤትነት ክፍያ የለበትም ይላሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ሃይብሪድ ስለሆነ ገበሬው በየዓመቱ ዘር መግዛቱ አይቀርም። ይሄም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም፣ ሊሙም ሾኔም ቢኤች 660ም የሚባሉት የበቆሎ ዘሮች በየዓመቱ የሚገዙ ናቸው፣ ጂኤምኦ ሳይሆኑ። የሚያሳስበኝ ትሉ መልመዱ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አገዳ ቆርቁር ቢቲ በቆሎን እንደለመደው የተዘገበው በ2007 ነው፣ ዘሩ በገባ በ10 ዓመት ውስጥ፣ ያው ትል እኛም ጋ አለ። ይሄ እንዳይሆን ከማሳው ጥግ ላይ ቢቲ ያልሆነ በቆሎ መዝራት ያስፈልጋል፣ ሩብ ሄክታር ላለው ሰው ይሄን ማስረዳትም ማስከበርም ቀላል አይደለም።

ምልክት ይለጠፍበት የሚለውን ጥያቄ እደግፋለሁ፣ ሰው የሚበላውን የማወቅ መብት አለው፣ ለመፍራትም ቢሆን። ለታሸገ ዘይትና ዱቄት ይቻላል። በቆሎ ግን እኛ ጋ ታሽጎ አይመጣም፣ ገበሬው ለነጋዴ፣ ነጋዴው ለእህል በረንዳ፣ ከዛ ለወፍጮ ቤት፣ የ5 ገበሬ በቆሎ አንድ ጆንያ ውስጥ ነው፣ ስቲከሩ የት ላይ ነው የሚለጠፈው? ስታርሊንክ ላይ አሜሪካኖቹን ያቃታቸው ይሄው ነው። ስለዚ መለየቱ ከተፈለገ መጀመር ያለበት ዘሩ ለየትኛው ወረዳ እንደተከፋፈለ በመመዝገብና እህሉ ሲሰበሰብ ለብቻ በመግዛት ነው፣ ወጪ አለው፣ ያን ወጪ ማን እንደሚችለው ደሞ ዘሩን ከሚያከፋፍሉት ሰዎች እስካሁን ስሰማ አልሰማሁም።